ጉንጬን የያዝኩት ለምን እንደነበረ

ከባለቤቴ ከታፈሰ ጋር አብረን ካደረግናቸው የመጨረሻ ተራ ነገሮች አንዱ የእኔን ጥርስ ለማሳከም ሐኪም ቤት መሄድ ነበር። ጊዜው ባለፈው ዓመት፣ መስቀል ካለፈ በኋላ ነው። ሰው ከሚወደው ጋር የነበረውን የመጨረሻ ጊዜ ሲያስታውስ ምክር ወይም ምርቃት ቢያስታውስ ይመርጣል። እኔ የማስታውሰው አፌን ከፍቼ፣ ከንፈሬ ደንዝዞ፣ ምራቄ በአገጬ ሲወርድ፣ ታፈሰ ደግሞ አጠገቤ ተቀምጦ ሐኪሟን በጥያቄ ሲያደርቃት ነው።

ከአእምሮዬ ያልጠፋው ግን ከዚያ በኋላ በለቅሶ ቤቴ የደረሰብኝ ነው። እስካሁን ለብዙ ሰው አልተናገርኩትም። የነገርኳቸው ሁሉ መጀመሪያ ያዝናሉ፣ ቀጥለው ይስቃሉ፣ ከዚያ በመሳቃቸው ይደነግጣሉ። አትደንግጡ። እኔም ስቄበታለሁ።

ታፈሰ የኮምባይነር መካኒክ ነበር። አርሲ ውስጥ ስንዴ በሚታጨድበት ወራት ቤቱን የሚያየው እንደ እንግዳ ነው። ከአሰላ እስከ በቆጂ ባለው መንገድ ኮምባይነር ቆሞ ከታየ አንድ ሰው ስልክ አውጥቶ «ጋሽ ታፈሰ» ማለቱ አይቀርም። እኔ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ልጃችን አንድ ናት፤ ሐዋሳ ነው የምትሠራው።

ታፈሰ በጥርሱ ይኮራ ነበር። የለስላሳ ቆርኪ በጥርሱ ይከፍታል። አጥንት ሲግጥ ውሻችን ተስፋ ቆርጣ ትሄዳለች። እኔን ጥርስ ባመመኝ ቁጥር «የመምህር ጥርስ! ጠመኔ ነው እንዴ የሚበላው?» ይለኝ ነበር።

ያመመኝ በታች በኩል ያለው የግራ መንጋጋዬ ነው። ከብዙ ዓመት በፊት ተቦርቡሮ አስሞልቼዋለሁ። እኔ አንዴ ከተሞላ እስከ መቃብር የሚያደርሰኝ ይመስለኝ ነበር። ለካስ ሙሌት ያረጃል። ከጥርሱ ጋር የተያያዘበት ጠርዝ ይለቅቅና ምግብ በሥሩ ይገባል፤ ላይ ላዩን ደህና መስሎ ከውስጥ ይበላል። የጥቅምት ነፋስ አፌ ውስጥ ሲገባ ጆሮዬ ድረስ ይሰማኝ ጀመር።

ሐኪሟ ዶክተር ለሊሴ የዴራ ልጅ ናት። ራጅ አነሣችኝና ብስባሹ ነርቩ ጋ እንደደረሰ አሳየችን። ሁለት መንገድ አለ አለች፤ ጥርሱን መንቀል፣ ወይም የሥር ሕክምና መሥራት። ነርቩ ይወጣል፣ ሥሩ ይጠረጋል፣ መድኃኒት ይደረግበታል፣ ከዚያ ይሞላል።

«ንቀይልኝና ልገላገል» አልኩ።

ታፈሰ ከወንበሩ ተነሣ። «ኩሽኔታ ተበላ ተብሎ ኮምባይነር ይጣላል? መለወጫ የሌለው ዕቃ ይጠገናል እንጂ አይነቀልም።»

«ጥርሱ የኔ ነው፤ አንተ ምን አገባህ?»

«ማኘክ አቅቶሽ ሽሮ ብቻ የምትሠሪልኝ ከሆነ ያገባኛል እንጂ!»

ዶክተሯ ሳቀች። እኔ ተሸነፍኩ። መርፌው ተወጋኝ፣ አፌ ውስጥ ጥጥ ገባ፣ ከዚያ በኋላ ታፈሰን የሚመልስለት ጠፋ።

«ዶክተር፣ ነርቩ ከወጣ ጥርሱ ሞተ ማለት አይደለም እንዴ?»

«አዎ ጋሼ፣ ስሜት አይኖረውም። ግን ሥሩ አጥንቱ ውስጥ እስካለ ድረስ ያኝካል።»

«ሞቶም ይሠራል! አያማርርም፣ ደመወዝ ጨምሩልኝ አይልም። ለኔም ጋራዥ እንዲህ ያለ ሠራተኛ ፈልጊልኝ።»

መሳቅ አልቻልኩም። በአፍንጫዬ ሳቅኩ መሰለኝ፤ ዶክተሯ «እማማ፣ አይንቀሳቀሱ» ብላ ተቆጣችኝ። የተቆጣችው እኔን ነው፤ ያሳቀኝ ደግሞ እሱ ነው። በትዳራችን ሁሉ እንዲህ ነበር።

ስትጨርስ ጥርሴን በጊዜያዊ ሙሌት ደፈነችው። «ይህ ለአጭር ጊዜ ብቻ ነው» አለችኝ። «በዚህ በኩል አያኝኩ። የሚመጣው ሳምንት ማክሰኞ እንጨርሰዋለን። እንዳይቀሩ፤ ጊዜያዊው ከቆየ ያልቅና ጀርም ተመልሶ ይገባል።»

በባጃጅ ስንመለስ ታፈሰ እንደ እኔ ከንፈሩን አጣሞ፣ አነጋገሬን እየቀዳ አወራኝ። ባለ ባጃጁ በመስታወት እያየን ሳቀ። ምሳ ሾርባ ሠራሁ፤ እሱም አብሮኝ ሾርባ ጠጣና ማታ ራበኝ ብሎ ተነጫነጨ።

ማክሰኞ ከመድረሱ በፊት ታፈሰ ሞተ። እሁድ ነበር። ከቤተ ክርስቲያን መጥተን፣ ቁርስ በልተን፣ ጋደም ልበል ብሎ ገባ። ልቡ ነው አሉኝ። ከዚህ በላይ ልጽፈው አልችልም፤ ብዙ ጊዜ ሞክሬዋለሁ።

ድንኳን ተተከለ። ሰው ከአቦምሳ፣ ከዴራ፣ ከበቆጂ መጣ። ታፈሰ ኮምባይነሩን የጠገነለት ገበሬ ሁሉ የመጣ መሰለኝ። ንፍሮ ተቀቀለ። እኔ ፍራሽ ላይ ነበርኩ። ማክሰኞ መጣ፣ ሄደ። ቀጠሮ የሚባል ነገር በሐሳቤ አልነበረም። ልጄ ከእኔ ጋር ሰንብታ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ጥርሴን መልሶ ያመመኝ የለቀስተኛው ብዛት መቀነስ ሲጀምር ነው። መጀመሪያ የማይታወቅ ነገር ነበር፤ ሲነካ ብቻ ይቆጠቁጣል። ጊዜያዊውን ሙሌት በምላሴ ስፈልገው ግማሹ የለም። ቀጥሎ ልቤ በመታ ቁጥር እሱም አብሮ ይመታ ጀመር። የራስ ምታት ክኒን እየዋጥኩ፣ ጉንጬን በእጄ ይዤ እቀመጣለሁ።

አንባቢ እንደሚያውቀው በእኛ ዘንድ ጉንጭ መያዝ የሐዘን ነው። ልጆች ሳለን እጃችንን ጉንጫችን ላይ አድርገን ከተገኘን «አንሺ! ማን ሞተብሽ?» እንባል ነበር። የሞተበት ሰው ሲይዘው ግን ማንም አንሺ አይልም። አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ጥቁር ለብሳ፣ ፍራሽ ላይ ተቀምጣ፣ ጉንጯን ይዛ፣ እህል አልበላ ብሏት ቢያዩ ምን ሊያስቡ ይችላሉ? አሰላ ውስጥ ጥርሷን አሟት ይሆናል የሚል ሰው አልተፈጠረም።

እኔስ ለምን አልተናገርኩም? እንዴት ብዬ ልናገር! ሰው ከአቦምሳ ድረስ በጭነት መኪና መጥቶ አጠገቤ ተቀምጦ ሲያለቅስ «እግዜር ይስጥልኝ፣ ግን ጥርሴን ነው ያመመኝ» ይባላል? ባል ተቀብሮ ስለ ጥርስ ማውራት ነውር መሰለኝ። ደግሞ ሐኪም ቤት ከሄድኩ ያንን ወንበር አየዋለሁ፤ እሱ የተቀመጠበትን። አንዳንድ ቀን ደግሞ፣ እውነቱን ልናገር፣ የትኛው ሕመም የትኛው እንደሆነ ለራሴም አይለይልኝም ነበር። ሐዘን የት ቦታ እንደሚያም ማን ነግሮኝ ያውቃል?

ሌላም ምክንያት አለ። ይህኛው እትዬ በላይነሽ ናት።

እትዬ በላይነሽ የታፈሰ ታላቅ እህት ናት፤ የበቆጂ ሰው። በለቅሶ ላይ እንደ እሷ ያለ ዳኛ አላየሁም። ማን በእንባ እንዳለቀሰ፣ ማን ነጠላውን ፊቱ ላይ ጣል አድርጎ እንደተኛ፣ ማን ወጥ ቀምሶ ጨው አነሰው እንዳለ አንድ በአንድ ታውቃለች። እኔን ደግሞ ታፈሰ ካገባኝ ጀምሮ አልወደደችኝም። «ከመጽሐፍ ላይ ቀና የማትል» ነበር የምትለኝ። ታፈሰ ሲቀልድ ስለምቀልድ ቁም ነገር የሌለኝ ይመስላት ነበር።

ጉንጬን ይዤ ባየችኝ ጊዜ ግን ልቧ ተሰበረ። «እኔ አላውቅሽም ነበር» አለችኝ። «ወንድሜን እንዲህ ትወጂው እንደነበር አላውቅም ነበር።» ዓርባው እስኪወጣ አልሄድም ብላ ከጎኔ ፍራሽ አነጠፈች። ለመጣው ሰው ሁሉ ታስረዳለች። «እዩዋት፤ አንዲት ጉርሻ አልቀመሰችም። ከጉንጯ እጇን አላነሣችም። የዛሬ ዘመን ሴት ለሦስት ቀን አልቅሳ ፀጉሯን ትሠራለች፤ የወንድሜን ሚስት እዩዋት!»

ሰው ያየኛል፤ አንገቱን ይነቀንቃል። ያ ሁሉ ዓመት ያላገኘሁትን ፍቅር በጥርስ ሕመም አገኘሁት። እንዴት ብዬ ልመልሰው?

ጉንጬ ማበጥ ሲጀምር ዝናዬ የበለጠ ወጣ። «ከለቅሶ ብዛት ፊቷ አብጦ ቀረ» ተባለ። የተጠራጠረች አንዲት ሰው ብቻ ነበረች፤ ጎረቤቴ ዘይነባ። ዘይነባና እኔ ከወጣትነታችን ጀምሮ አጥር ለአጥር ነን። ኦሮምኛና አማርኛ ቀላቅላ ነው የምታወራኝ፤ እኔም እንደዚያው። በየቀኑ አጥሚት ይዛልኝ ትመጣለች።

«ማል ታቴ፣ ጸዱ? ምን ሆነሽ ነው በአንድ ወገን ብቻ ያበጥሽው?» አለችኝ አንድ ቀን ጠጋ ብላ። «እንባ እኮ የሚወርደው በሁለት ዓይን ነው።»

እትዬ በላይነሽ ሰማቻት። «በግራ ነዋ!» አለች ቆጣ ብላ። «በልቧ በኩል ነው ያዘነችው።»

ዘይነባ እኔን አየችኝ። እኔ አጥሚቱን አየሁ።

ዓርባው ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው የነፍስ አባታችን መጡ። ደግ ሽማግሌ ናቸው። ሰው «ልትሞት ነው» ብሎ ነግሯቸው ኖሮ ምክር አዘጋጅተው ነው የመጡት። ከሰዓት በኋላ ነው፤ ቤቱ በሰው ሞልቷል። አጠገቤ ተቀመጡና ረጋ ባለ ድምፅ ጀመሩ። ሐዘን መጠን አለው፣ ከመጠን ሲያልፍ እግዚአብሔርን ማማረር ይሆናል፣ ታፈሰ ሰላም የሚያገኘው አንቺ ስትጽናኚ ነው አሉኝ። ጥሩ ምክር ነበር። እኔ ግን አፌን መክፈት አልቻልኩም። እንቢ ያልኩ መሰላቸውና ምክሩን እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩት።

ሲጨርሱ መስቀላቸውን አወጡ። ልሳለም ዝቅ አልኩ። ግንባሬን አስነኩኝ። ከዚያ ወደ ከንፈሬ ሲያወርዱት የመስቀሉ ጫፍ ያበጠውን ጉንጬን ነካው።

ጮህኩ። እንዲህ ያለ ጩኸት ታፈሰ በሞተበት ቀን እንኳ አልወጣኝም።

በለቅሶ ቤት አንድ ሰው ሲጮህ የሚሆነውን ታውቁታላችሁ። እትዬ በላይነሽ «ወንድሜን!» ብላ ተነሣች። የእድሩ ሴቶች ተከተሏት። በረንዳ ላይ ያሉት ወንዶች ባርኔጣቸውን አውልቀው ገቡ። አንዲት እዚያች ሰዓት የገባች የዴራ እንግዳ ቦርሳዋን እንደያዘች ደረቷን ትደቃለች። ቤቱ ተናወጠ። አባ መስቀሉን እንደያዙ «ተው፣ ተው፣ ልጆቼ» ይላሉ፤ የሚሰማቸው የለም። ሁሉም የሚያለቅሰው ለእኔ ጥርስ ነው።

ሁለቱንም እጆቼን አነሣሁ። «ቆዩ!» አልኩ። «ቆዩ እባካችሁ! ጥርሴ ነው!»

ቤቱ ቀስ በቀስ ጸጥ አለ።

«ምን?» አለች እትዬ በላይነሽ።

«ጥርሴ ነው ያመመኝ። የግራ መንጋጋዬ። ሕክምናው ሳያልቅ ነው ታፈሰ የሞተው።»

ከጥግ በኩል የታፈነ ድምፅ መጣ። ዘይነባ ሻሿን አፏ ላይ አድርጋ ትንቀጠቀጣለች። «ብዬ ነበር!» አለች በመጨረሻ። «ወላሂ ብዬ ነበር፣ በሁለት ዓይን ነው የሚለቀሰው ብዬ!» ከዚያ መያዝ አቃታት። አባ መስቀላቸውን ገልብጠው አዩት፤ ጥፋቱ የእሱ እንደሆነ ሁሉ። «እኔ እኮ» አሉ፣ «ሁለት ጊዜ ነው የመከርኩሽ። ምነው አንድ ቃል ብትነግሪኝ?» የአባ ጢም ሲንቀጠቀጥ ሳይ እኔም ሳቅኩ። መሳቅ በጣም ያመኝ ነበር። ታፈሰ ከሞተ በኋላ በዚያ ቤት መጀመሪያ የተሳቀው ያን ቀን ነው። የዴራዋ እንግዳ ብቻ የማንን ለቅሶ እንደመጣች ግራ ገብቷት ቆማ ቀረች።

እትዬ በላይነሽ አልሳቀችም። ፍራሽዋ ላይ ተቀመጠች። ፊቷን ሳይ ፈራሁ።

«ያ ሁሉ... ጥርስ ነበር?» አለችኝ።

«ያ ሁሉ አይደለም እትዬ። ግማሹ።»

«የትኛው ግማሽ?»

«እኔም አላወቅሁትም» አልኳት። ውሸት አልነበረም።

በማግስቱ ጠዋት ሐኪም ቤት ስሄድ አብሬሽ ካልሄድኩ አለች። ልትጠብቀኝ ይሁን ልትመረምረኝ አልገባኝም። ሐኪም ቤት ገባን። ያ ወንበር እዚያው ነው። እትዬ በላይነሽ ምንም ሳታውቅ ሄዳ ተቀመጠችበት። ሳልዘጋጅ ስለሆነ ይሁን አላውቅም፣ እንደፈራሁት አልሆነም። ባዶ ባየው ይብስ ነበር።

ዶክተር ለሊሴ ጥቁር ልብሴን አላስተዋለችም። ፋይሌን እየፈለገች «እማማ፣ ጠፉ እኮ! ጋሼስ ዛሬ የሉም?» አለችኝ።

«አረፈ» አልኳት።

የያዘችውን አስቀመጠች። «መቼ?» አለች፤ ነገርኳት። አሰበችና «ከማክሰኞ በፊት ነዋ» አለች። «እኔ እኮ ሁለታችሁም ስትቀሩ ተቀይማችሁኝ ነው ብዬ ነበር።»

«ሁለታችንም?»

ዶክተሯ እትዬ በላይነሽን አየች፣ እኔን አየች። «አሁን ብናገረው ምን ይሆናል» አለች። «ያን ቀን እርስዎ አፍዎን ሲጉመጠመጡ፣ ጋሼ ወደ ውጭ ጠርተውኝ የራሳቸውን ጥርስ አሳዩኝ። ከኋላ ሁለቱ ተቦርቡረዋል። ያምዎታል ወይ ስላቸው፣ ከአምና ጀምሮ ነው አሉኝ። ለእርሳቸውም ያንኑ ማክሰኞ ቀጠሮ ሰጠኋቸው። ለእርስዎ እንዳልናገር አደራ ብለውኛል። 'ከሰማች አትለቀኝም' አሉኝ።»

ከአምና ጀምሮ! ዓመት ሙሉ የእኔን ጥርስ ጠመኔ ነው ሲል፣ ቆርኪ ሲከፍት፣ አጥንት ሲግጥ፣ በሌላው በኩል ነበር የሚያኝከው! ያን ቀን ሾርባ አብሮኝ የጠጣው ለእኔ አዝኖ መስሎኝ እንዴት ደስ ብሎኝ ነበር። «አይ ሌባ!» አልኩ። ጮክ ብዬ ነው የተናገርኩት። እየሳቅኩ ነበር፤ ከዚያ ሳቁ ተለወጠና አለቀስኩ። ያን ጊዜ ያለቀስኩት በሁለቱም ዓይኔ ነው።

እትዬ በላይነሽ መጥታ ትከሻዬን ያዘችኝ። «ከልጅነቱም ሕመም ይደብቃል» አለች። «እግሩን እሾህ ወግቶት ሳምንት ሙሉ በአንድ እግሩ እየዘለለ ጨዋታ ነው ይለን ነበር።» የእሷም ድምፅ ግማሹ ሳቅ ነበር።

ዶክተሯ ራጅ አነሣችና ነገሩን ገለጸችልን። ጊዜያዊው ሙሌት አልቆ ጀርም ወደ ሥሩ ተመልሷል። በሥሩ ጫፍ አጥንቱ ላይ ጥቁር ጥላ ይታያል፤ መግል ነው። አሁንም ሁለት መንገድ አለ። ነቅሎ መገላገል ይቻላል። ወይም እንደገና ከፍቶ፣ ጠርጎ፣ መድኃኒት እየለወጡ መሞከር፤ ከዚያ በላዩ ላይ ሰው ሠራሽ ሽፋን ማልበስ። «ብዙውን ጊዜ ይድናል» አለችኝ። «ግን ቃል አልገባልዎትም። አንዳንዱ ይህን ሁሉ ሆኖም እንቢ ይላል። የዚያን ጊዜ እንነቅለዋለን።»

«ይነቀል» አለች እትዬ በላይነሽ።

«ለምን?»

«ሰው ምን ይላል? ጥቁሯን ሳታወልቅ፣ ባሏ ዓርባው ሳይወጣ ጥርስ አስለበሰች ይሉሻል። ወርቅ አስገባች ይሉሻል! ማን እንዲያየው ነው የምታሳምረው ይሉሻል።»

ልክ ነበረች፤ ይሉኛል። ሕመሙ ደግሞ ንቀሉልኝ ብቻ ያሰኝ ነበር። አንድ መንጋጋ ቢጎድል የሚሞት የለም። ጥርሱን ለማትረፍ መከራከር የሚወደው ሰው ደግሞ አልነበረም።

አፌን ከፍቼ እንደተጋደምኩ ያንን ሳምንት አሰብኩ። ታፈሰ በሩን ቀለም ሊቀባ ጀምሮ ግማሹን ትቶታል። አንድ ኮምባይነር ግቢያችን ውስጥ ፈታትቶት ሄዷል፤ ሌላ መካኒክ መጥቶ ጭኖ ወሰደው። ልጃችን ጋ ሐዋሳ እንሄዳለን ብለን ቀን ቆርጠን ነበር። ያን ሳምንት የጀመርነው ሁሉ ተቋርጦ ቀርቷል። አብረን ጀምረነው ገና ሊያልቅ የሚችል አንድ ነገር ቢኖር ይህ ጥርስ ነው።

«አይነቀልም» አልኩ። «የጀመርነው ይለቅ።»

እትዬ በላይነሽ ወንበሯ ላይ ተመልሳ ተቀመጠችና ለዶክተሯ «እንግዲያው ወርቅ አይሁን» አለቻት።

«የጥርስ ቀለም ነው እማማ። ሰው አያውቀውም።»

«እሱን አደራ።»

ቀላል አልነበረም። መግሉ ወጣ፣ እብጠቱ ጎደለ፣ ዳንኩ ስል ድዴ ላይ ትንሽ ብጉር ወጣችና እንደገና ማፍሰስ ጀመረች። ያን ቀን ዶክተሯ ፊቷ ጨለመ። መድኃኒቱን ለወጠችው። «አንዴ ደግሞ እንሞክር፤ ከዚህ በኋላ ግን አላደክምዎትም» አለችኝ። ቤት ገብቼ አንዲት ጥርስ እንድትድንልኝ ጸለይኩ። በዚህ ዕድሜዬ እንዲህ ያለ ጸሎት እጸልያለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። ለታፈሰ ልብ ለመጸለይ ጊዜ አልተሰጠኝም፤ ለጥርሴ ግን ተሰጠኝ።

ዓርባው ወጣ። እትዬ በላይነሽ ወደ በቆጂ ተመለሰች። ሄዳም አልተወችኝም፤ በየቀኑ ትደውላለች። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ፤ «እንዴት ዋለ ያ ጥርስ?» ነው የምትለው። በእኔና በእሷ መካከል ስንት ዓመት ሙሉ የሚወራ ነገር ጠፍቶ ነበር። አሁን ጥርሱን ከጨረስን በኋላ ስለ ገብሱ፣ ስለ ብርዱ፣ ስለ ታፈሰ ልጅነት እናወራለን። አንድ ቀን ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ያቺ የዴራ ልጅ ቅዳሜም ትሠራለች እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። ለማን እንደሆነ አልጠየቅኳትም።

ብጉሯ ደረቀች። ሥሩም ደረቀ። ዶክተሯ ሞላችው፣ ቀጥሎ አለበሰችው። ከወራት በኋላ ራጅ ስታነሣኝ ጥቁሩን ጥላ ከድሮው ጋር አስተያየችልኝ፤ አንሷል። አጥንቱ መልሶ እየሞላ ነው አለችኝ። «ጥሩ ምልክት ነው። ግን እየመጡ ይታዩ፤ ገና እንከታተለዋለን።» ስሜት የለውም። በጣቴ ብመታው ድንጋይ እንደመምታት ነው። ይሠራል ግን።

ዘይነባ እስካሁን አልተወችኝም። ለቅሶ አብረን በሄድን ቁጥር ጆሮዬ ሥር ተጠግታ «ጸዱ፣ ጥርስሽ ደህና ነው አይደል? አሁን ብታለቅሺ ይታመንልሻል?» ትለኛለች። ለቅሶ ቤት እያሳቀች ልታስወቅሰኝ ነው። እትዬ በላይነሽ ብታየን ምን እንደምትል አስባለሁ።

ጥርሴን ካመመኝ ቆየ። እጄ ግን አንዳንድ ጊዜ ጉንጬ ላይ ሄዶ አገኘዋለሁ። ያኛው ግማሽ ሕመም ሐኪም የለውም። በፊት አፍርበት ነበር፤ አሁን አላነሣውም፤ ሲደክመው ራሱ ይወርዳል።

ምሳዬን የምበላው ብቻዬን ነው። በሁለቱም በኩል አኝካለሁ።